ከሳይት እስከ ሚኒስትርነት፦ ጅማ ላይ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ለምትማሩ

ሲቪል ኢንጂነር ሆኖ ሚኒስትር መሆን ይቻላል ወይ? ኪቶ ፉርዲሳ፣ የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ፣ የሚማሩ ልጆች ይህን ደጋግመው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ሲጀመር ጨዋታ ይመስላል፣ ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ግን ቁምነገር ይሆናል። መልሴ አጭር ነው፤ ይቻላል። ግን መንገድ አለው። መንገዱን ከአሁኑ ያላወቀ ሰው ዕድሜው ከገፋ በኋላ "እኔን ማን አየኝ" እያለ ሲብሰለሰል ይኖራል። እኔ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች በውሃና በግንባታ ሥራ ውስጥ ያለፍኩ ሰው ነኝ። የማውቀውን ሳላስቀር ልንገራችሁ።

ከሕጉ እንነሳ። በሥራ ላይ ያለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 74 እንደሚለው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሚኒስትርነት የሚያቀርባቸውን ዕጩዎች ከሁለቱ ምክር ቤቶች አባላት መካከል ወይም ከምክር ቤት ውጭ ካሉ ለሥራው ብቁ ከሆኑ ሰዎች ይመርጣል፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ሹመቱን ያጸድቃል። ስለዚህ ሚኒስትር ለመሆን የግድ ተመርጦ ፓርላማ መግባት አያስፈልግም። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ሕጉ በሩን ከፍቶታል፣ ቀሪው በእናንተ ዝግጅት ላይ ነው።

አሁን ደግሞ የወጡትን ሰዎች መንገድ እንይ። ከምኞት ይልቅ የሰው የሥራ ታሪክ ያስተምራል።

አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ በ1980 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ኢንጂነሪንግ ተመረቁ። ከዚያ አርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በረዳት መምህርነት ገቡ። ፊንላንድ ታምፔሬ ሄደው በሳኒቴሽን ኢንጂነሪንግ ሁለተኛ ዲግሪ ይዘው ተመለሱ፣ የኢንስቲትዩቱም ዲን ሆኑ። የደቡብ ክልል ርዕሰ መስተዳድርነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ2003 ዓ.ም. ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ በ2005 ዓ.ም. መስከረም ላይ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ዶክተር ኢንጂነር ስለሺ በቀለም እንዲሁ በአርባ ምንጭ በኩል ያለፉ ሰው ናቸው። ድሬስደን ጀርመን ዶክትሬታቸውን ሠሩ፣ በዓለም አቀፍ የውሃ ምርምር ተቋም አገለገሉ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሠሩ። የውሃ፣ መስኖና ኤሌክትሪክ ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ነው። ኢንጂነር ታከለ ኡማ አዲስ አበባን በምክትል ከንቲባነት ከመሩ በኋላ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የማዕድንና ነዳጅ ሚኒስትር ሆኑ። ኢንጂነር አይሻ መሐመድ ደግሞ የኮንስትራክሽን ሚኒስትር ነበሩ፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሴት የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። ያን ቀን ከተሾሙት 20 የካቢኔ አባላት ግማሾቹ ሴቶች ነበሩ። ሴት ተማሪዎች፣ ይህን በደንብ ያዙልኝ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። አንዳቸውም ከሳይት ተነስተው በቀጥታ ሚኒስትር ወንበር ላይ አልተቀመጡም። በመሃል አንድ ተቋም ወይም አንድ ከተማ መርተዋል፣ አለዚያም ትልልቅ ድርጅቶች ውስጥ ስማቸውን አስመስክረዋል። ሰው የሚታየው እዚያ ነው። ሠራተኛ ያስተዳደረ፣ በጀት ያስፈቀደ፣ ተማሪ ሲያምፅ ቆሞ ያነጋገረ ሰው ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሲገባ ብዙም አይደነግጥም።

የሁሉ መጀመሪያ ግን ሙያው ነው፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ፖለቲካ ይገባኛል ብላችሁ ስትራክቸርና ጂኦቴክን፣ ማለትም የሕንፃ አካልና የአፈር ትምህርቶችን፣ በመሸምደድ ብቻ ካለፋችሁ፣ ነገ ጠረጴዛችሁ ላይ የሚቀርበውን ሪፖርት አንብባችሁ ውሸቱን ከእውነቱ መለየት አትችሉም። ሚኒስትር ሆናችሁ የባለሙያ እስረኛ ትሆናላችሁ። አምስቱን ዓመት በሥነ ሥርዓት ተማሩ። የመውጫ ፈተናውን 50 ከመቶ አምጥቶ ማለፍ በቂ ነው አትበሉ። ስትመረቁም የባለሙያ ምዝገባውን ተመዝገቡ፣ ከግራጁዌት ኢንጂነር ተነስታችሁ ደረጃውን እየጠበቃችሁ ውጡ። ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ልንገራችሁ። የሚመለስበት ሙያ ያለው ሹም "ይህ አይሆንም" ለማለት ድፍረት አለው። ከሹመቱ ሌላ እንጀራ የሌለው ሰው ግን የማያምንበት ወረቀት ሲቀርብለት እጁ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ይፈርማል። ይህን በወረዳ ደረጃ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ላይኛው ቤት የሚለይበት ምክንያት አይታየኝም።

ጅማ ደግሞ ለዚህ ሙያ ጥሩ መማሪያ ናት። ዝናቡ ረጅም ነው፣ አዌቱ ወንዝ ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል፣ አፈሩም አስቸጋሪ ነው። በበጋ ጥቁር አፈር ያለበት ሜዳ ላይ ብትቆሙ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ታያላችሁ። ክረምት ሲገባ ያው አፈር ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ከላዩ ያለውንም ቤት ያነሳዋል። ግድግዳው ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ በሰያፍ ይሰነጠቃል፣ በበጋ በደንብ ይዘጋ የነበረ በር በነሐሴ አልዘጋ ይላል። መፍትሔውን ታውቁታላችሁ፤ ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ ማውጣት፣ በገረጋንቲ መተካት፣ በየንብርብሩ መጠቅጠቅ፣ ውሃው ከቤቱ እንዲርቅ ማድረግ። ከባዱ ሥራ ይህ አይደለም። ከባዱ፣ ዕቁቡን በጉጉት ጠብቆ ቤት የጀመረውን ሰውዬ "አባ፣ ተጨማሪ አንድ ሜትር መቆፈር አለበት፣ ገንዘብ ይጨምሩ" ብሎ ማሳመን ነው። ገንዘቡ ከመሬት በታች ስለሚቀበር አይታየውም። እናንተ ግን ቴክኒካል ቃል ሳታበዙ፣ ሳትንቁት፣ የጎረቤቱን የተሰነጠቀ ግድግዳ አሳይታችሁ ታስረዱታላችሁ። ይህን የቻለ ልጅ ነገ ፓርላማ ፊት ቆሞ ለምን በጀት እንደሚያስፈልገው ያስረዳል።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከጥንቱም በማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርቱ ይታወቃል። ወደ ቀበሌና ወደ ወረዳ ስትላኩ ብዙዎቻችሁ ለውጤት ብላችሁ ትሄዳላችሁ፣ መጠይቅ ሞልታችሁ ትመለሳላችሁ። እባካችሁ እንደዚያ አታድርጉ። አንዲት እናት ውሃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት እንደምትወጣ፣ ማን እንደሚከተላት፣ ቦኖው ሲበላሽ ለማን እንደምትናገር ቁጭ ብላችሁ ስሙ። ያ መረጃ በየትኛውም መጽሐፍ የለም።

ከተመረቃችሁ በኋላ ሁላችሁም ወደ አዲስ አበባ ማየታችሁ አይቀርም። ደመወዙ ይሻላል፣ አልክድም። ግን ሐሳባችሁ ሕዝብ ማገልገል ከሆነ ቢያንስ ጥቂት ዓመት በወረዳ ወይም በዞን ውሃ ጽሕፈት ቤት ወይም በመንገድ ሥራ ቆዩ። እዚያ ከሁሉም ነገር ጋር ፊት ለፊት ትገናኛላችሁ። ምንጭ ታጎለብታላችሁ፣ የእጅ ፓምፕ ትተክላላችሁ፣ የውሃ ኮሚቴ ታቋቁማላችሁ። ፓምፑ ውስጥ ያለች ትንሽ ጎማ ስታልቅ መላው ሰፈር ወደ ወንዝ ይመለሳል። ጎማዋ ርካሽ ናት። ችግሩ ለጎማዋ የሚሆን ገንዘብ የሚሰበስብ፣ የተሰበሰበውንም የሚያስቀምጥ፣ ቁልፉን የሚይዝ የታመነ ሰው መኖሩ ላይ ነው። ገንዘብ ያዡን ሕዝቡ ካላመነው የወር መዋጮ አይከፍልም። መዋጮ ከሌለ ጎማ የለም። ጎማ ከሌለ ፓምፑ ተተክሎ የቆመ ብረት ነው። አንድ ሙሉ ሚኒስቴር የሚወድቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቋንቋውን ደግሞ ተማሩ። በጅማ ዙሪያ አፋን ኦሮሞ ሳትችሉ ኢንጂነር ነኝ ብትሉ ግማሹ ሥራ በአስተርጓሚ ያልፋል። በአስተርጓሚ የሚመጣ ቅሬታ ደግሞ ለስልሶ ነው የሚደርሳችሁ። ሰውየው የተቆጣውን ያህል እናንተ አትሰሙትም። አማርኛውም፣ አፋን ኦሮሞውም፣ የምትደርሱበት አካባቢ ቋንቋም ካለ እሱም ይጠቅማችኋል።

ገንዘብና ሕግ ላይ በደንብ ልቆይ፣ ምክንያቱም መሐንዲሶች የምንወድቀው እዚህ ነው።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ ከዝናቡ ጋር አያይዞ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። በጀቱ የሚለቀቀው ጅማ በውሃ በምትታጠብበት ወቅት ነው። ያኔ ቁፋሮ የለም፣ ሎደሩ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። ከዚያ ጨረታ ይወጣል፣ ይገመገማል፣ ቅሬታ ይቀርባል፣ ውል ይፈረማል፣ ቦንድ (የዋስትና ሰነድ) ይመጣል፣ አድቫንስ (ቅድሚያ ክፍያ) ይከፈላል። ኮንትራክተሩ ሳይት ሲረከብ የበጋው ግማሽ አልፏል። ሚያዝያ ላይ ዝናቡ መለስ ማለት ይጀምራል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ደግሞ "በጀቱ ሊመለስ ነው" ተብሎ ሁሉም ይሯሯጣል፣ በዝናብ አርማታ ይሞላል፣ ያልተሠራ ሥራ በፔይመንት ሰርተፊኬት (በክፍያ ማረጋገጫ ሰነድ) ላይ እንደተሠራ ሆኖ ይገባል። ብዙ ሙስና የሚወለደው ሰኔ ላይ ነው። ሰውዬው ሌባ ሆኖ ላይነሳ ይችላል፣ የጊዜ ሰሌዳው ራሱ ይገፋዋል።

ስለዚህ ከወረዳ ጀምራችሁ ይህን ልማድ አስይዙ። ዲዛይኑና የጨረታ ሰነዱ በግንቦት ያልቅ። ሐምሌ ላይ በጀቱ እንደጸደቀ ጨረታው ይውጣ። ውሉ መስከረም ሳያልፍ ይፈረም። ዝናቡ እንዳቆመ መሣሪያው ሳይት ላይ ይገኝ። ይህን የሚያደርግ የወረዳ ኃላፊ በዞን ይታወቃል፣ በዞን ያደረገ በክልል ይታወቃል። ስማችሁን የሚያስጠራው ይኼ ነው። በየስብሰባው እጅ ማውጣት ብዙም አያስጠራም።

ውል ማንበብም ተማሩ። ቫሪዬሽን (የሥራ ለውጥ)፣ ክሌም (የካሳ ጥያቄ)፣ የዋጋ ማስተካከያ፣ ጊዜያዊ ርክክብ፣ የመጨረሻ ርክክብ የሚሉት ነገሮች ለሕግ ባለሙያ ብቻ የተተዉ አይደሉም። አንድ ኮንትራክተር ክፍያ ሲዘገይበት ሥራውን ያቀዘቅዛል፣ ቀጥሎ የጊዜ ማራዘሚያ ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ሲሚንቶና ፌሮ ጨምሯል ብሎ የዋጋ ጥያቄ ያመጣል። እናንተ ደብዳቤውን በሰዓቱ ካልመለሳችሁ ውሉ ለእሱ ይፈርድለታል። ደብዳቤ በሰዓቱ የሚመልስ መሐንዲስ መንግሥትን ከብዙ ኪሳራ ያድናል። ከቻላችሁ ሁለተኛ ዲግሪያችሁን ስትሠሩ አንድ የሕዝብ ፋይናንስ ወይም የኮንትራት ሕግ ኮርስ ጨምሩበት።

ቀጥሎ ተቋም ምሩ። አጋጣሚ ሲመጣ አትሽሹ። የዲፓርትመንት ኃላፊነት፣ የላቦራቶሪ አስተባባሪነት፣ የዞን ጽሕፈት ቤት ምክትልነት፣ የከተማ ውሃ አገልግሎት ሥራ አስኪያጅነት፣ እነዚህ ሁሉ አድካሚ ናቸው፣ ጥቅማቸውም ትንሽ ነው። ግን አርባ ምንጭ የሆነውን እዩ። በ1979 ዓ.ም. የተቋቋመ አንድ የውሃ ኢንስቲትዩት ለአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትርና የውሃ ሚኒስትር ሰጠ። ከዋና ከተማው ርቆ የሚገኝ ተቋም ወጣት መምህራንን ቶሎ ወደ ኃላፊነት ያወጣል፤ አዲስ አበባ ቢሆን ተራ ስትጠብቁ ትሸብቱ ነበር። የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ያን ዕድል ሊሰጣችሁ ይችላል።

ፖለቲካውን ሳላነሳ ባልፍ አጭበረበርኳችሁ ማለት ነው። ሕጉ ብቁ የሆነን ሰው ከውጭ መሾም ይፈቅዳል፣ በተግባር ግን አብዛኞቹ ሹመቶች በፓርቲ በኩል ይመጣሉ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በተቋቋመው መንግሥት ከተቃዋሚ ፓርቲ መሪዎች የተሾሙ ሚኒስትሮችም ነበሩ፣ ስለዚህ መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። ፓርቲ የምትገቡ ከሆነ ፕሮግራሙን አንብባችሁ፣ አምናችሁበት ግቡ። ለወንበር ብሎ የገባ ሰው ነፋሱ ሲቀየር መጀመሪያ የሚጣለው እሱ ነው። ለምክር ቤት መወዳደርም ትችላላችሁ፤ ዕድሜ 21 መሙላት ይበቃል። ባትመረጡ እንኳ ቅስቀሳው ራሱ ትምህርት ነው፣ ከጅማ መርካቶ እስከ ጅሬን ሰው በር ላይ ቆማችሁ "ምን ልታደርጉልን?" ሲሏችሁ መልስ ማግኘት አለባችሁ።

ንብረታችሁንም ከአሁኑ በሥርዓት ያዙ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 668 ተሿሚ የራሱንና የቤተሰቡን ሀብት እንዲያስመዘግብ ያዛል። ከኮንትራክተር "ስጦታ" የተቀበለ፣ በዘመድ ስም ቦታ የያዘ ሰው ያን ቅጽ ሲሞላ ላብ ያጠምቀዋል። ሳይት ላይ ሳላችሁ ሰላምታ ብሎ ፖስታ ከሚሰጣችሁ ሰው ምሳ እንኳ አትብሉ። አጥብቄ ነው የምናገረው፣ የብዙ ጎበዝ ልጆች ስም የጠፋው በትንሽ ነገር ነው።

እሺ፣ ተሾማችሁ እንበል። አሁን ሥራው ምን ይሆናል?

ከእንግዲህ ስሌት አትሠሩም። ስሌቱን የሠራው ሰው ግን እውነት መናገሩን ታውቃላችሁ። ግልገል ጊቤን ምሳሌ ላድርግ፣ ቅርባችን ነው። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስትወጡ በአሰንዳቦ በኩል የምታልፉት ግልገል ጊቤ አንድ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ 184 ሜጋዋት ጣቢያ ነው። ከእሱ የሚወጣው ውሃ በ26 ኪሎሜትር ዋሻ ተጉዞ ወደ ኦሞ ሸለቆ ይወርድና ግልገል ጊቤ ሁለትን ያንቀሳቅሳል፣ 420 ሜጋዋት። ሁለተኛው ጣቢያ በጥር 2002 ዓ.ም. ተመረቀ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ዋሻው ውስጥ አለት ተደረመሰ፣ ጣቢያው ለወራት ቆመ። ፕሮጀክቱ ያለ ጨረታ በቀጥታ ድርድር የተሰጠ ስለነበር ጥያቄው የበለጠ በረታ። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው "አለቱ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ" ማለት አይችልም። የጂኦሎጂ ጥናቱ ምን ያህል ጥልቅ ነበር፣ ማን መረመረው፣ ለምረቃው ለምን ተቸኮለ የሚሉትን ይመልሳል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 72 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተጠሪ መሆናቸውን፣ በጋራ ለሚወስኑትም በጋራ እንደሚጠየቁ ይናገራል። ስለዚህ የሌላው ሚኒስቴር ውሳኔም የእናንተ ነው። ካቢኔ ውስጥ ዝም ብላችሁ ውጭ ወጥታችሁ "እኔ አልደገፍኩም ነበር" ማለት አይሠራም። የምትናገሩትን እዚያው ተናገሩ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር።

ንግግራችሁም ከባድ ይሆናል። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ዶክተር ስለሺ የሕዳሴ ግድብ ግንባታና ውሃ መያዝ አብረው የሚሄዱ መሆናቸውን ሲያስረዱ፣ ዜናው "ሙሌት ተጀመረ" ተብሎ ዓለምን ዞረ፣ ማብራሪያና ማስተካከያ አስፈለገ። ለመሐንዲስ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ግድቡ ከፍ ሲል በክረምት ከጀርባው ውሃ ይተኛል። ለሦስት አገሮች ድርድር ግን እያንዳንዱ ቃል ክብደት አለው። ቴክኒካል እውነት ከመናገራችሁ በፊት ማን እንደሚሰማው አስቡ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሦስት ዝርዝር አስመጡ። የውል ጊዜያቸው አልፎ ያላለቁ ፕሮጀክቶች፤ ገንዘብ እያላቸው የቆሙ፤ የመሠረት ድንጋይ ተጥሎላቸው ዲዛይን የሌላቸው። ሦስተኛው ዝርዝር ያስደነግጣችኋል። አዲስ የመሠረት ድንጋይ ለመጣል አትቸኩሉ፣ የቆሙትን አስጨርሱ። ለፎቶ አይመችም፣ ለሕዝቡ ግን ውሃ የሚያመጣለት እሱ ነው። ሳይትም ሂዱ፣ ግን ሳታስነግሩ ሂዱ። አስነግራችሁ ከሄዳችሁ መንገዱ ተጠርጎ፣ ድግስ ተደግሶ፣ የቆመ ግሬደር ተነስቶ ነው የምታገኙት። ፎርማኑንና ጥበቃውን ለብቻ አናግሩ። ሥራው ስንት ቀን እንደቆመ ጥበቃው ከማንም በላይ ያውቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ሁሉ ሠርታችሁም ሹመቱ ላይመጣ ይችላል። ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ግልገል ጊቤ ላይ ሠርተው፣ እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ሕልፈታቸው ድረስ የሕዳሴው ግድብ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ሚኒስትር አልነበሩም። በዚያ ዘመን ከነበሩት ሚኒስትሮች የስንቱን ስም ታስታውሳላችሁ? የእሳቸውን ግን ሕፃኑም ያውቀዋል።

መውረዱም ከሥራው አንዱ ነው። አቶ ኃይለማርያም በየካቲት 2010 ዓ.ም. በራሳቸው ፈቃድ መልቀቂያ አስገቡ፣ ያ በአገራችን ያልተለመደ ነበር። እናንተም ስትወርዱ ሳይት እንደምታስረክቡት አስረክቡ። ያላለቁ ሥራዎች ዝርዝር፣ ያልተመለሱ ደብዳቤዎች፣ ቀናቸው የሚያልፍ ቦንዶች፣ በክርክር ላይ ያሉ ክሌሞች፣ ቃል የተገባላቸው ወረዳዎች ስም። በእጃችሁ ጽፋችሁ፣ ተተኪያችሁን አስፈርማችሁ፣ አንድ ቅጂ መዝገብ ቤት አስገቡ።